ከአንኮበር ዳገት የተነሡ ድንጋዮች

ባለፈው ጥቅምት አንድ ድንጋይ በመዶሻ ነካ አድርጌ ጆሮዬን ወደሱ ባዘነብል ምንም አልሰማ አለኝ። መዶሻው ማረፉን እጄ ያውቃል፤ ጆሮዬ ግን ወሬው አልደረሰውም። ደግሜ መታሁ። አጠገቤ የቆመው አማቼ «ምነው አባቴ፣ ጮኸ እኮ» አለኝ። ድንጋይ በድምፁ እየመረጠ የኖረ ሰው ድምፁ ካልተሰማው ሥራው አለቀ ማለት ነው። መሮዬንና መዶሻዬን በአቁማዳ አድርጌ ለአማቼ ሰጠሁና ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር ሥራ ስለሌለኝ፣ በልጅነቴ የቆጠርኩት ፊደልም ስላልጠፋኝ፣ የሠራሁትንና ያጠፋሁትን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የሠራሁት ብዙ ነው። ያጠፋሁት አንድ ነው፤ የምጽፈውም ስለሱ ብዬ ነው።

ስሜ ወልደ ሰንበት ይባላል። የተወለድኩት አንኮበር ነው። አባቴ መምሬ ኃይሉ ከገበያው በላይ፣ አፋፉ ላይ ያለች የአንዲት ደብር አስተዳዳሪ ነበሩ። የደብሪቱን ስም አልጽፈውም፤ ዛሬም የሚያገለግሉባት ሰዎች አሉ፣ የድሮ ሰው ጥፋት እነሱን አይመለከታቸውም። የበኩር ልጅ ስለ ሆንኩ ለድቁና ታሰብኩ። ዳዊት ደገምኩ፣ ዜማ ጀመርኩ፣ ድምፄ ግን አላምር አለ። መሪጌታው «ይኼ ልጅ ሲያዜም ምእመናን ከነጠላቸው ይሸሻሉ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እጄ ግን ሥራ ይወዳል። የዳዊት ማኅደር እሰፋለሁ፣ አትሮንስ እጠርባለሁ። አባቴ ሲያዩኝ አይናገሩኝም፤ ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ግቢ ነበር። ያን ጊዜ ንጉሡ መቀመጫቸው አንኮበር ነበርና ኮረብታው ላይ ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። በር እንሠራለን፣ አልጋ እንሠራለን፣ የድንኳን ካስማ እናሾላለን። የአናጢዎቹ አዛዥ ከሠራተኛው ኋላ ቆመው ማንጎራጎር ይወዱ ነበር። ሲደሰቱም ያንጎራጉራሉ፣ ሲቆጡም ያንጎራጉራሉ፤ ዜማው ግን ስለሚለያይ ዞረን ሳናይ ዕጣችንን እናውቅ ነበር። ቀለባችን እህል ነው፣ አንዳንዴ ይዘገያል። መጋዝ አያያዝና እንጨት ማድረቅ ያወቅሁት እዚያ ነው። ሦስት ዓመት እንደ ሠራሁ ግቢው ወደ እንጦጦ ተነሣ። አዛዡም አናጢዎቹም ጓዛቸውን ጭነው ተከተሉ። እኔን አባቴ «አንተም ከሄድህ እኔን ማን ይቀብረኛል?» ብለው አስቀሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

አንኮበር በአንድ በጋ ተራቆተች። ሰው ይጋፋበት የነበረ ገበያ ላይ ጥቂት በግና ጥቂት ጨው ብቻ ይታይ ጀመር። ከገበያው ወደ ግቢው በር የሚያወጣው ዳገት፣ ክረምት ሲሆን በቅሎ እንዳያዳልጠው ተብሎ፣ ከታች እስከ ላይ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ነበር። ሰው ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ድንጋዩን እየነቀለ ለደፍና ለምድጃ ይወስደው ገባ። ግቢውን እንዲጠብቁ የቀሩት ሹም ቢጨንቃቸው «ከበሩ በታች ያለውን ውሰዱ፤ ከበሩ በላይ ያለውን የነካ ግን ከኔ ጋር ነው» ብለው አዋጅ አስነገሩ።

አያ ድንቁን ያገኘኋቸው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ሽበት የወረሳቸው፣ ትከሻቸው የሰፋ ሰው፣ ተንበርክከው አንዱን ድንጋይ በዶማ ፈነቀሉና አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ለሃምሳ ዓመት እግርና ኮቴ የረገጠው ፊቱ እንደ ቀንድ ዋንጫ ይለሰልሳል። ቆሜ ስመለከት ቆየሁና «የተረገጠውን ፊት ገልብጠው አይጠርቡትም?» አልኳቸው።

«ይኼን እኔ ላለስልስ ብል ዓመት ይፈጅብኛል» አሉ ቀና ሳይሉ። «በቅሎ በነጻ ሠርታልኛለች። ምን አሳሰበኝ?»

ከዚያ «እስቲ ያን ጫፍ ያዝልኝ» አሉኝ፤ ያዝኩላቸው። በማግሥቱም ሄድኩ። በዚያው ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ።

አያ ድንቁ ጠይብ ነበሩ። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ አዋቂ ጠይብ ይሉታል፤ ሥራውን ይፈልጉታል፣ እሱን ግን ይፈሩታል። ዓይኑ ሰው ይበላል እያሉ በአንድ ገበታ አይቀርቡትም፣ በጠጣበት ዋንጫ አይጠጡም። የመምሬ ልጅ ጠይብ ቤት ዋለ ተብሎ ብዙ ታማሁ። አባቴ ጥቂት ቀን ካኮረፉኝ በኋላ «ዕቃ ከነሱ ጋር አትቀላቅል» ብቻ ብለው ተዉኝ። እኔም አልቀላቀልኩም። የራሴን ዋንጫ ከቤቴ ይዤ እሄዳለሁ። የአያ ድንቁ ሚስት እትዬ ብርቄ፣ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ዋንጫዬን እየተቀበሉ ለብቻው ከግድግዳው ይሰቅሉልኝ ነበር። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር የተናገሩኝ የለም።

የምንሠራው አግዳሚ፣ ገበታና በርጩማ ነው። ድንጋዩ ከላይ ይሆናል፣ እግሩ ከወይራ ይጠረባል። በድንጋዩ ሆድ ላይ በመሮ አራት ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ጉድጓዱ አፉ ጠበብ፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ነው። የእግሩን ጫፍ ሰንጥቀን ትንሽ ሽብልቅ እናስገባበትና በእርጋታ ስንመታው እንጨቱ ከውስጥ ይከፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱት አይወጣም። ከዚያ ከውኃ በወጣ የበሬ ጠፍር እግሮቹን እናስራለን። ጠፍሩ ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ አራቱን እግር አንድ አድርጎ ይይዛል። አያ ድንቁ ጠፍር ፀሐይ ላይ አያደርቁም፤ በጥላ ሦስት ቀን ይተዉታል። ቸኩዬ ወደ ፀሐይ ሳወጣው ቢያዩኝ አይቆጡም፣ ራሳቸው ተነሥተው ወደ ጥላው ይመልሱታል፤ እኔም አፍሬ እቀመጣለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የጠዋት ልማዳቸውን ነው። ከዳገቱ ያመጣነውን ድንጋይ ደጃፋቸው ላይ ይደረድሩታል። መጀመሪያ በመዶሻ ነካ እያደረጉ ያዳምጡታል፤ የጮኸው ይቀመጣል፣ የታፈነው ይጣላል። የጮኸውንም ቢሆን በጆሮ ብቻ አያምኑትም። ፀሐይ ብቅ ስትል ከእንስራ በቅል ውኃ ይቀዱና በየድንጋዩ ላይ ያፈሳሉ፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለውም እስኪደርቅ ይመለከታሉ። ደህናው ድንጋይ እኩል ይደርቃል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ሌላው ገላው ደርቆ ካለቀ በኋላ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ትቀርበታለች፤ ስንጥቁ የጠጣውን ውኃ ቶሎ አይለቅም። እንዲህ ያለውን «አልቃሻ» ይሉታል።

«አልቃሻ መሆኗን ዳገቱ ላይ ለምን አላወቅንም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መሬት ላይ ተኝታ ሳለ መሬቱ ይሸከምላታል። እኛ እግር ስናስገባላት ነው ጉዷ የሚወጣ» አሉኝ።

አልቃሻዋን ለደፍ ይሰጣሉ እንጂ ሰው ለሚቀመጥበት አያደርጓትም። ሥራው ካለቀ በኋላም ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ በሠሩት ነገር ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ምሳቸውን ሳይበሉ አያስረክቡም። እየበሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። እትዬ ብርቄ «ዛሬ ደግሞ በማን ወንበር ላይ ነው የምትበላ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

አያ ድንቁ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ሲሞቱ ከደብሪቱ አጥር ውስጥ መቀበር። ክርስትና የተነሡት እዚያው ነው፣ ጾሙን ይጾማሉ፣ በዓሉን ያከብራሉ፣ ሲያስቀድሱ ግን ከበሩ ውጭ ቆመው ነው። ጠይብ ሲሞት ከአጥሩ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ጎርፍ በሚወርድበት ቦታ ይቀበር ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለን «አባቴን እዚያ ቀበርኩት፤ በሁለተኛው ክረምት መቃብሩን አጣሁት» አሉኝ። ይኼን ብለው መሯቸውን አነሡ።

አጋጣሚው የመጣው በአባቴ በኩል ነው። ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አጥተው በረጅሙ ጸሎት ሲደክሙ፣ ሬሳም ሲመጣ ቃሬዛው ጭቃ ላይ ሲያርፍ አባቴን ያሳዝናቸው ነበር። የምንሠራውን በሰው ቤት አይተው ኖሮ አንድ ቀን ከአያ ድንቁ ደጃፍ መጡ። ቤት አልገቡም፤ ቆመው ነው የተነጋገሩት።

«ሁለት አግዳሚና አንድ የሬሳ ማሳረፊያ ትሠራልናለህ?»

«እሠራለሁ አባቴ።»

«ምን እንስጥህ?»

አያ ድንቁ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «የምቀበርበት ቦታ ይስጡኝ። ለኔና ለብርቄ። ከአጥሩ ውስጥ።»

አባቴ «ይኼ የኔ ብቻ አይደለም፣ ካህናቱን ላማክር» ብለው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው «ለንግሡ ከደረሰ፣ ሥራውም ካማረ፣ ቦታህ ከምሥራቁ በር አጠገብ ነው» አሉ። አያ ድንቁ መሬት ስመው ተነሡ። እትዬ ብርቄ ከውስጥ ሆነው ሲሰሙ ኖሮ እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ለሬሳ ማሳረፊያው ከግቢው በር ሥር ያለችውን ትልቋን ድንጋይ ነቀልን። ቁመቷ አራት ክንድ ነበር፤ ስምንት ሰው በወራጅ እንጨት ተሸክሞ ደብሪቱ ግቢ አስገባት። የአግዳሚዎቹንም ድንጋዮች አመጣን። ያን ዕለት አባቴ «ፈረስ የረገጠው፣ የከብት ደም የፈሰሰበት ነው፤ ሳይባረክ ሥራ አይጀመርበትም» ብለው ጸሎት አድርሰው በሁሉም ላይ ጸበል ረጩ። በማግሥቱ አያ ድንቁ ለእግር የሚሆን ወይራ ሊቆርጡ ወደ ገደሉ ወረዱ። የአግዳሚዎቹን ድንጋዮች አስቀድመው በውኃ አይተዋቸዋል፤ ትልቋ ግን ገና አልታየችም። ሲሄዱ ቅሉን ሰጡኝ።

«ትልቋን አሁን በጠዋቱ ውኃ አፍስስባትና እያት። እስክትደርቅ ከአጠገቧ አትነሣ» አሉኝ።

ቅሉን ከምንጩ ሞልቼ ሄድኩ። ከድንጋዪቱ አጠገብ ቆምኩ። በመዶሻ ብነካት ጥርት አድርጋ ጮኸች። ውኃውን ላፈስ ቅሉን አነሣሁና እጄ ቆመ። ትናንት አባቴ ጸበል የረጩባት ድንጋይ ናት። እውነቱን መጻፍ አለብኝ፤ ያስጠየፈኝ ውኃው አልነበረም፣ ውኃውማ እኛም ከምንጠጣው ምንጭ የተቀዳ ነው። ያስጠየፈኝ ቅሉ ነው። የጠይብ ቤት ቅል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውዬ፣ ሥራ ተምሬ፣ ስቄ ተጫውቼ፣ ያን ጠዋት በተባረከ ድንጋይ ላይ የነሱን ቅል ማዘንበል አቃተኝ። ከቤቴ ሌላ ቅል ላምጣ ብዬም አስቤ ነበር፤ አያ ድንቁ ቢሰሙ ምን ይላሉ ብዬ ተውኩት። ደግሞ ድምጿ ደህና ነው አልኩ። ውኃውን አጥሩ ሥር ደፋሁና ባዶውን ቅል ለእትዬ ብርቄ መለስኩላቸው።

ከሰዓት በኋላ አያ ድንቁ ወይራውን ተሸክመው መጡ።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«እኩል ደረቀች?»

«እኩል ደረቀች አያ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ያመኑኝ ሰው ናቸው። ለሥራው ብቻ ከበሩ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸው ሥራውን ጀመርን፤ እንደዚያ ዓይነት ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም። የአግዳሚዎቹ እግር ከድንጋዩ ጋር ሲገናኝ ፀጉር አያስገባም ነበር። አያ ድንቁ በሁለቱም ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። በሬሳው ማሳረፊያ ላይ ግን አልተቀመጡም፤ ሰው በቁሙ በሬሳ ቦታ ከተቀመጠ ሞትን ጠራ ይባላል። መዳፋቸውን ብቻ አሳርፈውባት ተመለሱ። ንግሡ ሲመጣ ሽማግሌዎች በአግዳሚዎቹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ካህናቱ ድንጋዩን እየዳሰሱ አመሰገኑ። አያ ድንቁ ያን ዕለትም ከበሩ ውጭ ቆመው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከምሥራቁ በር አጠገብ ካለው መሬት ላይ ነበር።

ንግሡ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የተከበሩ አሮጊት ወይዘሮ አረፉ። ቀባሪው ብዙ ነው። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ደክሟቸው ኖሮ ማሳረፊያው ላይ ጣል አደረጉት። ድንጋዪቱ መሃል ለመሃል ተከፈለች። ቃሬዛው ወደ አንድ ጎን ተገለበጠና ሬሳው ከነመግነዙ መሬት ላይ ወደቀ። ለቅሶው ቆመ።  ከዚያ ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ይኼ የጠይብ እጅ ነው» አለ፤ ሌላውም ተቀበለው፣ ሌላውም።

አያ ድንቁን ከበሩ ጠሯቸው። መጥተው የወደቀውን ድንጋይ አዩ።

አባቴ «ድንጋዩን የመረጠው ማን ነው?» አሉ።

እኔ ከአባቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ።  እኔ ነኝ ማለት ብቻ በቂ አልነበረም፤ ለምን ውኃ አላፈሰስህባትም ብባል ምን ልመልስ ነው? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አያ ድንቁ እየሰሙ፣ ቅልዎ አስጠይፎኝ ነው ልል ነው? ዝም አልኩ።

«እኔ ነኝ አባቴ» አሉ አያ ድንቁ። «ድንጋዩም ሥራውም የኔ ነው።»

አግዳሚዎቹን ያኔውኑ ከግቢ አወጧቸው። አያ ድንቁ በማግሥቱ ከተሰበረችው ድንጋይ አንዱን ቁራጭ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ይቅርታ ሊጠይቁ ከአባቴ ደጅ ቆሙ። ሁለት ቀን ቆሙ። ቤታችን ነው፤ ስገባም ስወጣም በአጠገባቸው አልፋለሁ። ድንጋዩ ማጅራታቸውን ልጦት ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ አባቴ ወጥተው «እግዜር ይፍታህ፣ አውርደው። ይቅር ብዬሃለሁ። የመሬቱን ነገር ግን ካህናቱ ከእንግዲህ አይሰሙኝም» አሏቸው። አያ ድንቁ እጅ ነሥተው ሄዱ። ያ ድንጋይ የሚገባው ለኔ ማጅራት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንኮበር መቀመጥ አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን ወጣሁና አንድ ባላምባራስ ዘንድ ገባሁ። ባላምባራሱ ትልቅ ነገር ይወዳሉ። አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ የድንጋይ ገበታ ሥራ አሉኝ፤ በሩ አያስገባም ብላቸው «ሥራው ነው ያንተ፣ በሩ የኔ ነው» አሉ። ገበታው አልቆ ሲመጣ በሩ አላስገባ አለና ግድግዳው ፈርሶ ገባ፤ እሳቸውም ይኼን ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ያወሩት ነበር። እዚያ የተማርኩት ከደብረ ብርሃን ብርድ ነው። የድንጋይ መቀመጫ ያለ አጎዛ ሰው አያስቀምጥም፤ ስለዚህ በድንጋዩ ዳር ዳር ቀዳዳ እየበሳሁ የበግ ቆዳ በጠፍር መወጠር ጀመርኩ። ይኼን አይተው ከጫጫም ከደነባም የሚያሠሩኝ መጡ። እንጀራዬ ሰፋ። ድንጋይ በመረጥኩ ቁጥር ውኃ አፈስሳለሁ፤ እስኪደርቅም ከአጠገቡ አልነሣም።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አንኮበር እሄድ ነበር። በሄድኩ ቁጥር አያ ድንቁን እጠይቃለሁ። ደብሪቱ የጣለቻቸውን አግዳሚዎች ደጃፋቸው ላይ አኑረዋቸዋል፤ እዚያ ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን። ሥራ ቀንሶባቸዋል፤ ሬሳ የጣለ እጅ ተብለው የሚያሠራቸው ጠፍቶ እትዬ ብርቄ በሸክላው ያኖሯቸው ነበር። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ እሄድና ሳልነግራቸው እመለሳለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ከብቱ ባለቀበት በዚያ ክፉ ዘመን መጀመሪያ ላይ አያ ድንቁ በንዳድ ሞቱ። ወሬው የደረሰኝ በስምንተኛው ቀን ነው። ስደርስ ከአጥሩ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ ተቀብረዋል። አፈሩ ገና አልረጋም። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ ጎርፉ መቃብራቸውን እንደ አባታቸው መቃብር ሊወስደው ነው። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ቀጥዬ አባቴ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድንጋዪቱን፣ ውኃውን፣ ውሸቱን።

አባቴ አርጅተው ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ውኃውን ለምን ደፋኸው?»

«ቅሉ አስጠይፎኝ።»

መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይኼን ከውጭ አልተማርከውም» አሉ። «እዚሁ ቤቴ ነው የተማርከው።» በዚያው ሳምንት ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ሰብስበው የልጃቸውን ጥፋት በራሳቸው አፍ ተናገሩ። እኔ መካከል ላይ ቆሜ ነበር። አንዳንዱ ተሳደበ፣ አንዳንዱ አፈረ። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ አሁን ምን ይደረግ? ሬሳ እናንሣ?» ቢሉ አባቴ «የሞተ አይነሣም። አጥሩ ይነሣ» አሉ።

አጥሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከምሥራቁ በር ወዲህ ያለውን የድንጋይ ካብ አፍርሼ ከአያ ድንቁ መቃብር በታች እንደ ገና ካብኩት፤ ለአንድ ሰው ሌላ ቦታም ተውኩ። ጎርፉ እንዲመለስ ከመቃብሩ በላይ ቦይ ቆፈርኩ። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ረሃቡ በርትቶ ስለ ነበር የሚያግዘኝ አልነበረም፤ ባለመኖሩም ደስ ብሎኝ ነበር። የመጨረሻዋን ድንጋይ ያስቀመጥኩት ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ነው።

እትዬ ብርቄን ልጠራቸው ሄድኩ። በትር ይዘው ቀስ እያሉ መጡ። እግራቸው ከበሩ ሲደርስ ከልማድ የተነሣ ቆሙ፤ «ይግቡ» አልኳቸው። ገቡ። መቃብሩ ዘንድ ተቀመጡና አፈሩን በእጃቸው ደለደሉት። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። በሠራሁት ደስ ብሎኝ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም፤ ዕዳዬን ከፈልኩ፣ አሁን ለሳቸውም ልንገራቸው ብዬ ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ ያቺን ድንጋይ ያላየኋት እኔ ነኝ። አይቻለሁ ብዬ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን» አሉ ሳይዞሩ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ማን ይነግረናል? የዚያን ቀን ቅሉን ስትመልስልኝ ዓይኔን አላየኸኝም። ድንጋዪቱ ከተሰበረች በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ለሱ ነገርኩት። እሱም ተይው፣ ራሱ ይነግረኛል አለኝ።» አንዲት ጠጠር ከአፈሩ ለቀሙና ወደ ጎን ጣሉ። «ከደብረ ብርሃን በመጣህ ቁጥር እኔን ምክንያት ፈጥሮ ያስወጣኝ ነበር። ሂጂ ውኃ ቅጂ፣ ሂጂ እንጨት ልቀሚ ይለኛል። ሴት ፊት ማውራት አፍሮ እንደሆነ ብሎ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ እመለስና ነገረህ ወይ እለዋለሁ። ዛሬም አልነገረኝም ይለኛል። ታሞ እንኳ ሳለ፣ ወልደ ሰንበት የመጣ እንደሆነ አንቺ ወጣ በይ ብሎኝ ነበር።»

ዝናቡ መጣል ጀመረ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ እንጂ አልተነሡም።  እነዚያን ቀኖች አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አያ ድንቁ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደኔ አድርገው፣ ዝም ብለው ሲጠብቁኝ፣ እኔ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ ስለ መንገዱና ስለ ብርዱ ነበር የማወራው።